ሳኬያሲ ያጎደላቸው አራት ሌሊቶች

ይህን ወሬ መጀመሪያ የነገረኝ ኤሮኒ ነው፤ ፒካፑን የሚነዳው ኤሮኒ። ኤሮኒ ሲያወራ አንዱ ዓሣ አሥር ይሆናል፣ ካፊያውም ጎርፍ ይሆናል፤ ስለዚህ ግማሹን ጥዬላችሁ ነው የማወራው። የቀረውን ራሴ እየዞርኩ አጣርቻለሁ። ፊደል አልቆጠርኩም፣ አልዋሽም። ግን የዋይንዳሙን ወንዝ ከምንጩ እስከ ባህሩ ድንጋይ በድንጋይ አውቀዋለሁ፤ እሱ ላይ የሆነ ነገር ከእኔ ጆሮ አያመልጥም።

ሰውየው ሳኬያሲ ነው። አባቱ እንደ እኛው የቀርከሃ ታንኳ ሰው ነበር። የቀርከሃ ታንኳ ማለት ወርዶ የማይመለስ ነገር ነው። ቀርከሃውን ትቆርጣለህ፣ በልጥ ታስረዋለህ፣ ጎደሬህንና ተወቅጦ የሚጠጣውን ሥር፣ ያንጎናህን፣ ጭነህ ትወርዳለህ። ባህሩ ዳር ገበያው ጋ ስትደርስ ታንኳውን ለማገዶ ትተህ ሁለት ቀን በእግርህ ሽቅብ ትወጣለህ። በዚህ ወንዝ ከእኔ በላይ ታንኳ ያሰረ ካለ ይምጣና ይናገር። እንዲያውም አንድ ጊዜ ሙሉ ኮርማ ጭኜ ወርጃለሁ። ኮርማው ንቅንቅ አላለም፤ ከማን ጋር እንደሚሄድ ያውቅ ነበራ።

ወደ ሳኬያሲ ልመለስ። መንገድ ገባ፣ አውቶቡስ መጣ፣ ታንኳ ቀረ። እሱም ሥራ ፍለጋ ባህሩ ዳር ወዳለ ሆቴል ወረደ። አበባ አበባ ያለበት ሸሚዝ አለበሱት፣ ጆሮው ላይ አበባ ሰኩበት፣ የፈረንጅ ሻንጣ አሸከሙት። ሻንጣውስ ምንም አልነበረም። የገደለው «ቡላ!» ማለቱ ነው፤ በኛ ቋንቋ ሰላምታ ነው። ለገባውም «ቡላ!»፣ ለወጣውም «ቡላ!»፣ ክፍሉን ረስቶ ለተመለሰውም እንደ አዲስ «ቡላ!» ማታ ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ላይሳኒ ሰላም ስትለው በእጁ ብቻ ይመልስላት ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን ብሬት የሚባል የኒውዚላንድ ሰው የላስቲክ ጀልባ እንደ ብርድ ልብስ ጠቅልሎ ሆቴሉ መጣ። «ዋይንዳሙን የሚያውቅ ሰው አለ?» ብሎ ጠየቀ። ሳኬያሲ የያዘውን ሻንጣ መሃል ደረጃው ላይ አስቀምጦ ተከተለው። ሻንጣው የማን እንደነበር እስከ ዛሬ አልታወቀም። አበባውም ከጆሮው ሳይወርድ ነው የሄደው።

የላስቲክ ጀልባ እንደኛ ታንኳ አይደለም። እኛ ቆመን በረጅም እንጨት ነው የምንገፋው፤ እዚያ ጠርዙ ላይ ተቀምጠህ ትቀዝፋለህ፣ እሱ ደግሞ ከስርህ እንደ ምንጣፍ ይታጠፋል። ሳኬያሲ በመጀመሪያው ቀን ሦስት ጊዜ ውሃ ውስጥ ገባ። ብሬት ጀልባውን ያውቃል፣ ሳኬያሲ ድንጋዩን ያውቃል፤ ስምንት ዓመት አብረው ሠሩ። በኋላ የብሬት ጉልበት አልታዘዝ አለውና አገሩ ሲገባ ሁለት ጀልባ፣ አሥራ አራት መቅዘፊያና አሥራ አንድ ሄልሜት ትቶለት ሄደ። አሥራ ሁለተኛው ሄልሜት ባህር ውስጥ ነው።

ከዚያ ወዲያ አምስት ዓመት የራሱ ሥራ ሆነ። ላይሳኒ ስልክ ታነሳለች፣ የጎደሬ ቅጠል በኮኮናት ወተት ለምሳ ትሠራለች። ወንድሟ ኤሮኒ ፒካፑን ይነዳል። የሚስት ወንድም በኛ ታቫሌ ነው፤ ታቫሌ ደግሞ አፉ የመጣለትን ይናገርሃል፣ ቅር ከተሰኘህ ጥፋቱ ያንተ ነው። ሳኬያሲ ኋላ ተቀምጦ «ግራ! ቀኝ! ጎንበስ!» እያለ ፈረንጁን ሁሉ ወታደር ያደርገዋል። ድምፁ ሁለት ኮረብታ ያልፋል። ደስተኛ ሰው ነበር ብላችሁ አልዋሸሁም። ሻንጣ ይሸከም የነበረ ሰው በአባቱ ወንዝ ላይ ጌታ ሲሆን ምን ይጎድለዋል?

እዚህ ላይ ነው ነገሩ። ወንዙ ከሁሉ የሚያምረው ገደል ለገደል ተጠጋግቶ በሚሄድበት በናቩኒዋይ መንደር መሬት ላይ ነው። ናቩኒዋይ የእናቱ አገር ነው። የመንደሩ አለቃ ራቱ ሜሳኬ፣ «ራቱ» የአለቃ ማዕረግ ነው፣ የእናቱ ታላቅ ወንድም ነበሩ። መጀመሪያ ሥራውን ሲጀምር የያንጎና ሥር ይዞ ፊታቸው ተቀመጠ፤ እሳቸውም አጨብጭበው ተቀበሉና «ውሃው አላፊ ነው፣ ይለፍ። ድንጋዬን ግን እንዳትወስድብኝ» አሉት። ከዚያ በኋላ ጠይቆ አያውቅም። የእህት ልጅ እኮ ነው! በኛ አገር የእህት ልጅ አጎቱ መንደር ገብቶ ያየውን አሳማ እየጎተተ ቢወጣ «ጎበዝ!» ነው የሚባለው።

ራቱ ሜሳኬ ሰኞ ሞቱ። ልጆቻቸው ከአውስትራሊያ እስኪመጡ ተጠበቀና አርብ ተቀበሩ። ሳኬያሲ አሳማና ምንጣፍ ይዞ ሄዶ አለቀሰ። ወንዙ በናቩኒዋይ በኩል ለመቶ ሌሊት ተዘጋ። ዓሣ የለም፣ ዋና የለም፣ ጀልባ የለም፣ ጩኸት የለም። ዳርቻው ላይ የኮኮናት ቅጠል የታሰረበት ምሰሶ ተተከለ፤ እሱ ቆሞ ሳለ ውሃው የሟቹ ነው።

ሳኬያሲ ሥራ ፈታ። ጀልባውን ግቢው ውስጥ ይነፋል፣ ያስተነፍሳል፣ መልሶ ይነፋል። ዶሮዎቹ እላዩ ላይ መተኛት ለመዱ። ላይሳኒ ስልክ እያነሳች ትመልሳለች።

«ይቅርታ፣ ወንዙ ሐዘን ላይ ነው።»

አንዱ ፈረንጅ «ወንዝ እንዴት ሐዘን ላይ ይሆናል?» አላት።

«ዘመድ ሞቶበት» አለችና ዘጋችው።

ሳኬያሲ በየማለዳው የቤቱን ማዕዘን በቢላ አንድ አንድ ይበጣል። መቶ ሲሞላ፣ ረቡዕ ዕለት፣ ስድስት ፈረንጅ ጠራ። ኤሮኒ ፒካፑ ውስጥ ሆኖ በጎን አየው።

«ታቫሌ፣ ጠይቀሃል?»

«ምኑን?»

«ማለቁን ነዋ።»

«መቁጠር አልችልም እንዴ? ደግሞ የእናቴ አገር ነው፣ ማንን ነው የምጠይቀው?»

«እኔ ሾፌር ነኝ» አለ ኤሮኒ። «ጀልባዬ ጎማ አለው።»

ሦስት ወር ሙሉ የታፈነ ድምፅ፣ አስቡት። ሳኬያሲ ውሃው ላይ ሲወጣ ሁሉንም ለቀቀው። ወንፊት የምንለውን ኃይለኛ ውሃ አለፉ፣ የፓስተሩ ጥርስ የምንለውን ስለታም ድንጋይ አለፉ፤ እሱም ይጮሃል፣ ፈረንጆቹም ይጮሃሉ። ገደሉን ታጥፈው ናቩኒዋይ ፊት ሲደርሱ ጭራሽ መቅዘፊያውን አንስቶ «ዩሁሁሁ!» አለ። ሌላ ጊዜ እዚህ ጋ መንደሩ በሙሉ ወጥቶ ይመልስለታል።

ማንም አልመለሰም።

አምስት ሽማግሌዎች ዳር ላይ ተቀምጠዋል፤ ጢማቸው አልተላጨም። አንዱ ታናሽየው አጎቱ ዋይሳሌ ናቸው። አዩት። ከጀርባቸው ምሰሶው ቆሟል፤ ቅጠሉ ደርቆ ቡኒ ሆኗል፣ ግን አልወረደም።  ፈረንጆቹ እጃቸውን እያወዛወዙ «ቡላ! ቡላ!» ይላሉ። እሱ በሹክሹክታ «ዝም በሉ፣ እባካችሁ ቅዘፉ» አላቸው።  በሹክሹክታ ሲያዛቸው የሰሙት ያኔ ብቻ ስለሆነ ፈረንጆቹ ትልቅ አደጋ መጥቷል ብለው ጀልባው እስከሚወጣበት ድልድይ ድረስ እንደ እብድ ቀዘፉ አሉ።

ሐሙስ ጠዋት ጀልባ የሚያወርድበት ቦታ ላይ ምሰሶ ተተክሎ አገኘ። ቅጠሉ ገና አረንጓዴ ነው። ይሄኛው ለሟቹ አይደለም፤ ለእሱ ነው።

ሳኬያሲ ድንጋይ ላይ ዘጭ አለ። «ቆጥሬያለሁ እኮ! መቶ ነው!»

ኤሮኒ ፒካፑን ተደግፎ ሸንኮራ ያኝካል። «ከመቼ ጀምረህ?»

«ከሞቱበት ነዋ። በአባቴ አገር እንደዚያ ነው።»

«በናቩኒዋይ ከተቀበሩበት ነው። ትናንት ገና አራት ሌሊት ይቀር ነበር።»

«አንተ ይህን ታውቅ ነበር?»

«ትናንት ማታ ነው የሰማሁት። አሁን ለይቅርታ የዓሣ ነባሪ ጥርስ ያስፈልግሃል።»

«ጥርስ የለኝም።»

«ነበረህ። ለእህቴ ጥሎሽ ሰጠኸው፣ አሁን አባቴ ቤት ተሰቅሏል። እህቴን መልስና ጥርስህን ውሰድ። ስልኩን የሚያነሳ ሌላ ሰው ትፈልጋለህ እንጂ።»

«ኤሮኒ፣ በእግዚአብሔር!»

«እሺ እሺ፣ አታልቅስ። ያንጎናህን ያዝ፣ ኮፍያህን አውልቅ፣ ቃል አቀባይህ እኔ ነኝ።»

ከሰዓት በኋላ ናቩኒዋይ ገቡ። ሳኬያሲ ንጹሕ ሽርጥ ለብሶ በሩ ጋ፣ ከሁሉ ዝቅ ብሎ ተቀመጠ። የእህት ልጅ ሽቅብ ወጥቶ ነው የሚቀመጠው ሌላ ጊዜ። ዓይኑ ምንጣፉ ላይ ነው። ልቡ ግን ያ አበባ አበባ ያለበት ሸሚዝ ላይ ነው። ገደሉ ከተዘጋ ከላዩም ከታቹም ያለው ውሃ ለምንም አይሆን፤ ማን ፈረንጅ ለግማሽ ወንዝ ከባህር ማዶ ይመጣል? ጀልባው ላስቲክ ነው፣ ካልተንቀሳቀሰ ይበሰብሳል። እንደገና ሻንጣ። እንደገና «ቡላ!»

ኤሮኒ ያንጎናውን በሁለት እጁ ያዘና ጀመረ። «ጌቶቼ፣ ይህ የእህታችሁ ልጅ ነው። ስትወልዱት ጤነኛ ነበር። መቁጠር እንደማይችል ያወቅነው ትናንት ነው። በጥርስ ፈንታ ይህችን ሥር ይዞ፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ መጥቷል።»

አንዱ ሽማግሌ ሳቁ አመለጠውና ሳል አስመሰለው። ዋይሳሌ ግን አልሳቁም።

«መቶ ሌሊት ነው ያልነው» አሉ። «ዘጠና ስድስት ያለ አለ?»

«አጎቴ፣ ባባቴ መንደር ከሞት ቀን ነው የሚቆጠረው። አላወቅኩም።»

«ያባትህ መንደር ሰዎች! ዓሣ መውጋት የማይችሉ ሰዎች! ከነሱ ነው ቁጥር የተማርከው?» ምንጣፉን መታ አደረጉት። «ሰው እስኪቀበር ድረስ ከኛው ጋር ነው። ቤታችን የተኛ ሰው እያለ ሄደ ብለን ሌሊት እንቆጥራለን? አንተ ወንድሜን አራት ቀን አስቀድመህ ቀበርክብኝ። ደግሞ በ‹ዩሁ›!»

ይህ ለሳኬያሲ እንደ ጥፊ ነበር። እሱም ይወዳቸው ነበርና ራቱን። «ጥፋቴ ነው» አለ። «መጠየቅ ነበረብኝ። የናንተ ልጅ ነኝ ብዬ ናቅኳችሁ።»

«ጥሩ። ጥርስ አምጣ።»

«የለኝም፣ አጎቴ።»

«እንግዲያው ወንዙ አንድ ዓመት ይዘጋብሃል።»

ሌሎቹ ሽማግሌዎች አጉተመተሙ፤ መስማማታቸው ነው። ሳኬያሲ አንገቱን ደፋ። 

«ዋይሳሌ» አለ አንድ ድምፅ ከጓዳ በር በኩል።

የራቱ ሚስት ናቸው፣ ቡቡ ኡናይሲ፤ አያት ለማለት ነው ሁሉም ቡቡ የሚላቸው። ከራስ እስከ እግር ጥቁር ለብሰው ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል።

«አቤት፣ ቡቡ።»

«ጥቁር የለበሰው ማነው?»

«እርስዎ ነዎት።»

«መሬት ላይ ዘጠና ሰባት ሌሊት የተኛውስ? አንተ ነህ?»

«እኔማ... ወገቤን ስለሚያመኝ...»

«ፍራሽህ ላይ ነው የተኛኸው፤ አውቃለሁ። እንግዲያው ሌሊቶቹ የኔ ናቸው። የጎደሉት በእኔ ላይ ነው፤ ካሣውን የምጠራው እኔ ነኝ።»

ከዚያ ወደ ሳኬያሲ ዞሩ። 

«ና ቀና በል፣ ልጄ» አሉት። «አሥራ ሦስት ዓመት ልብሴን ሳጥብ በፊቴ ታልፋለህ። ከላይ እየጮሃችሁ ትመጣላችሁ፣ እኔ ጋ ስትደርሱ ትስቃላችሁ፣ ከታች ደግሞ እንደገና ትጮሃላችሁ። ምን እንደምታዩ ማንም ነግሮኝ አያውቅም። እዚህ ወንዝ ዳር አርባ ስምንት ዓመት ኖሬያለሁ፤ ወደ ባህሩ የወረድኩት ግን በአውቶቡስ ነው። ‹ሴት ወይዘሮ በታንኳ ወርዳ ምን ልታደርግ!› ይሉ ነበር ራቱ። ነፍሳቸውን ይማር፤ አሁን አይሉም። ሌሊቱ ይሙላ፣ ጥቁሬን ላውልቅ፣ ከዚያ ከላይ እስከ ድልድዩ አውርደኝ። ካሣዬ እሱ ነው።»

ቤቱ ተናጋ። ሁሉም ባንዴ ያወራል።

«ይህ ቅጣት ነው ወይስ ሽርሽር?» አሉ ዋይሳሌ። «ሰባ አንድ ዓመትዎ ነው! ቢሞቱስ?»

«ከሞትኩ ሌላ መቶ ሌሊት ትቆጥራላችሁ። እሱን ግን አታስቆጥሩት።»

ያኔ ሳል ያስመሰለው ሽማግሌ እንደገና ማስመሰል አቃተው።

ዋይሳሌ ወደ ሳኬያሲ ዞሩ። «ሰምተሃል። ምሰሶው ካሣው እስኪከፈል አይነቀልም። አንድ ነገር ከሆኑ ደግሞ ወንዙን አንዘጋም። አንተን ነው የምንዘጋህ።»

እሑድ ሐዘኑ ወጣ። ማክሰኞ ጠዋት ቡቡ ኡናይሲ ትልልቅ ቢጫ አበባ ያለበት አረንጓዴ ቀሚስ ለብሰው ወንዙ ራስ ላይ ከፒካፑ ወረዱ። ለአንድ ቀን ብቻ ሽማግሌዎቹ መንገዱን ፈቅደዋል። ሄልሜቱ አስቸገረ። የናቩኒዋይ ሴት ጎፈሬ ታውቃላችሁ፣ በር ይሞላል። ኤሮኒ አንዱን ሞከረ፣ ሌላውን ሞከረ፤ ትልቁ የብሬት ሄልሜት ጎፈሬው አናት ላይ እንደ ወፍ ጎጆ ቁጭ አለ።

«ቡቡ፣ ራስዎን ሳይሆን ፀጉርዎን ነው የሚያድነው።»

«ፀጉሬም የኔ ነው። እሰረው።»

የላይፍ ጃኬቱን ቀበቶ ሳኬያሲ ራሱ አሰረ፣ ፈታ፣ አጥብቆ ደግሞ አሰረ።  ሚኒስትር ጭኖ ወርዶ ያውቃል፣ እንዲህ አልሆነም። ከፊት ማዕዘኑ ላይ አስቀመጣቸው፤ አጠገባቸው ሁለት ጠንካራ የአጎት ልጆች። እሱ ከኋላ፣ የሚታየው ጀርባቸውና ያ ሄልሜት ብቻ ነው።

ወንፊት ላይ ገቡ። ውሃው ዘለለ፣ ጀልባው ታጠፈ። ቡቡ ዝም። የፓስተሩ ጥርስ በጎናቸው ሽው አለ። ዝም። ሳኬያሲ በአሥራ ሦስት ዓመት ሥራው እዚያ ጋ ያልጮኸ ሰው አይቶ አያውቅም።

«ቡቡ፣ ደህና ነዎት?»

ሄልሜቱ ከፍ ዝቅ አለ። ይሁንታ ይሁን የውሃው ይሁን አልለየለትም።

ናቩኒዋይ ፊት መንደሩ በሙሉ ወጥቶ ቆሟል። ሴቶቹ እልል ይላሉ፣ ሕፃን ሁሉ እንዲያይ ብድግ ይደረጋል። ቡቡ ገመዱን ጨብጠው እንደ ሐውልት አለፉ፤ ዘወር እንኳ አላሉም። «ፈርተዋል» አለ ሳኬያሲ በልቡ። «ገደልኳቸው። አለቀልኝ።»

ከመንደሩ በታች ረጋ ያለ ውሃ አለ፤ ከዚያ የሚመጣው አማት የምንለው ኃይለኛ ውሃ ነው። አማት ያልነው ሳትነግርህ ስለምትገለብጥህ ነው። ድንገት ከፊት «ኧረ!» የሚል ድምፅ መጣ። «ኧረ ይሄ ገደል! ያ ፏፏቴ ከየት መጣ? ሳኬያሲ! ወደዚያ ውሰደኝ!»

«ቡቡ፣ ወደዚያ አይኬድም፣ አማት ናት—»

«የማን አማት? ቅዘፉ እናንተ! ምን ታዩኛላችሁ፣ ክንድ የላችሁም?»

የአጎት ልጆቹ ከሳኬያሲ ይልቅ እሳቸውን ፈሩና ቀዘፉ። አማት ጀልባውን አንስታ አዘነበለችው፤ ቡቡ ኡናይሲ ከነአረንጓዴ ቀሚሳቸው እንደ ትልቅ አበባ በረሩና ውሃው ውስጥ ገቡ።

ኤሮኒ እዚህ ጋ ሲደርስ ሩብ ሰዓት ውሃ ውስጥ ያቆያቸዋል። ውሸት ነው። እስከ አምስት ቢቆጠር ነው። ለሳኬያሲ ግን ከመቶው ሌሊት ይረዝም ነበር። አረንጓዴ ነገር ብቅ አለ፤ ተወርውሮ የጃኬቱን ማንገቻ ያዘና ወደ ጀልባው ጎትቶ እላዩ ላይ ጣላቸው። ሄልሜቱ ሄዷል፣ ጎፈሬው ተለጥፎ ፊታቸውን ሸፍኗል፣ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል።

«ቡቡ! ቡቡ! ያለቅሳሉ እንዴ?»

ፀጉራቸውን ከፈት አደረጉ። ሳቅ ነው። ትንፋሽ የሚያሳጣ ሳቅ ነው፤ እጃቸውን እያወናጨፉ ወደ ላይ፣ ወደ አማት ይጠቁማሉ። «መልሰኝ!»

«ወንዝ አይመልስም፣ ቡቡ።»

«ምን ዓይነት ወንዝ ነው ታዲያ!»

ድልድዩ ጋ ዋይሳሌ ሽርጣቸውን ሰብስበው ይጠብቃሉ፤ ቀድመው በፒካፕ መጥተዋል። ሳኬያሲ ቡቡን ደግፎ አወረዳቸው። የቀሚሳቸውን ጫፍ ጠመዘዙ፣ አንድ ባልዲ ውሃ ወጣው።

«እህ?» አሉ ዋይሳሌ። «ካሣው ተከፈለ?»



ቡቡ ኡናይሲ ወደ ወንዙ ዞሩ። «ግማሹ» አሉ።

«እንዴት ግማሹ?»

«እስከ መንደራችን ድረስ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ያላየሁትን አልተከፈልኩም።» ከዚያ ለዋይሳሌ «ምሰሶውን ንቀልለት፣ ልጁ ይሥራ» አሉና ወደ ፒካፑ ተራመዱ። አንድ እግራቸውን ከሰቀሉ በኋላ ወደ ሳኬያሲ መለስ አሉ።

«ቀሪውን ሐሙስ እቀበላለሁ።»